ቨርጂኒያ የ2019ን ዋንጫ የወሰደው በዳኛ ስህተት ነው ላሉት ጸሐፊ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። የሚያወራው እ.ኤ.አ. በ2019 የአሜሪካን ኮሌጆች የቅርጫት ኳስ ሻምፒዮና ስላሸነፈው የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ነው። በሰሜን ቨርጂኒያ የሚኖረው ወገናችን ብዙ ነው፤ ልጁን ዩኒቨርሲቲው ወዳለበት ወደ ሻርለትስቪል ልኮ ያስተማረም አለ። ስለዚህ ጽሑፉ መነጋገሪያ መሆኑ አይገርምም። አማርኛው ያማረ ነው፣ ጸሐፊውም ጨዋታዎቹን ቁጭ ብለው እንዳዩ ያስታውቃል። መደምደሚያቸውን ግን አልቀበለውም። አንድ ቡድን ስድስት ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎ ዋንጫ የሚያነሣው በምን እንደሆነ ለአንባቢ የተሳሳተ ሥዕል ይሰጣል።

በመጀመሪያ ያሉትን ሳላዛባ ላስቀምጥ። አንደኛ፣ ቨርጂኒያ በጣም ቀርፋፋ ቡድን ስለነበረ በደካማ ቡድን ለመሸነፍ ራሱን ያጋልጥ ነበር ይላሉ። ሁለተኛ፣ በ2018 በዩ.ኤም.ቢ.ሲ. (በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ባልቲሞር ካውንቲ) የደረሰበት ውርደት የአሰልጣኝ ቶኒ ቤኔት ዘዴ በመጋቢት፣ ማለትም ይህ ሻምፒዮና በሚካሄድበት ወር፣ እንደማይሠራ አረጋግጧል፤ 2019 ሕጉን ያፈነገጠ አንድ አጋጣሚ ነው። ሦስተኛ፣ መንገዱ ቀላል ነበር። አራተኛውና ዋናው ክሳቸው፣ የመጨረሻዎቹን ሦስት ጨዋታዎች ያሸነፈው በዕድልና በዳኛ ነው የሚል ነው። አምስተኛ፣ ከዚያ በኋላ ቤኔት እስኪሰናበት ድረስ በዚህ ውድድር አንድም ጨዋታ አለማሸነፉን ለሁሉም ማስረጃ አድርገው ያቀርባሉ።

ከዝግታው ልጀምር። ቨርጂኒያ በዚያ ዓመት ከሀገሪቱ ቡድኖች ሁሉ ዝግተኛው እንደነበረ አልክድም። በጨዋታ 60 ዙር ገደማ ብቻ ነበር የሚያጠቃው። ዙር የምለው አንድ ቡድን ኳስ ከያዘበት ጊዜ ጀምሮ እስኪያገባ ወይም እስኪነጠቅ ያለውን ነው። ዙሩ ሲያንስ ዕድል የበለጠ ቦታ ያገኛል የሚለው የጸሐፊው ሐሳብም በመርሕ ደረጃ ትክክል ነው። የሳቱት መጠኑን ነው፤ ስሌቱን ሠርተው ቢሆን ኖሮ ራሳቸው ይደነቁ ነበር።

ለማሳያ ያህል ቁጥር እንውሰድ። አንድ ቡድን በእያንዳንዱ ዙር ከተጋጣሚው በአማካይ 0.15 ነጥብ ይበልጣል እንበል። በ70 ዙር የ10.5፣ በ60 ዙር ደግሞ የ9 ነጥብ ብልጫ ይጠበቃል። የአንድ ዙር ውጤት አንዴ ዜሮ፣ አንዴ ሁለት፣ አንዴ ሦስት እየሆነ ስለሚዋዥቅ፣ በሁለቱ ቡድኖች መካከል ያለው ልዩነት በየዙሩ በ1.6 ነጥብ ገደማ ይወዛወዛል ብለን እንያዝ። ውዝዋዜው የሚያድገው በዙሩ ቁጥር ስኩዌር ሩት ልክ ስለሆነ በ70 ዙር ወደ 13.4፣ በ60 ዙር ወደ 12.4 ነጥብ ይሆናል። ይህ ወደ ማሸነፍ ዕድል ሲቀየር 78 ከመቶና 77 ከመቶ ገደማ ነው። ስድስት ጨዋታ በተከታታይ የማሸነፉ ዕድል ደግሞ 23 ከመቶና 20 ከመቶ። ዝግታ ዋጋ ያስከፍላል፤ ዋጋው ግን ይህችው ናት።

አሁን ፍጥነቱን ሳንነካ፣ እዚያው 60 ዙር ላይ፣ የዙሩን ብልጫ ከ0.15 ወደ 0.20 እናድርገው። የአንድ ጨዋታ ዕድል ወደ 83 ከመቶ፣ የስድስቱ ወደ 33 ከመቶ ይወጣል። ስለዚህ የቡድኑን ዕጣ የሚወስነው በዙሩ ምን ያህል ነጥብ እንደሚያወጣና ምን ያህል እንደሚቆጠርበት ነው፤ የዙሩ ብዛት ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። በዚህ ሚዛን ደግሞ የ2019 ቨርጂኒያ ስሙ እንደሚወራው የመከላከል ቡድን ብቻ አልነበረም። በዙር ተሰልቶ፣ የኮሌጅ ቡድኖችን በዚህ መንገድ በሚያነጻጽረው በኬንፖም ሰንጠረዥ ላይ በማጥቃት ከሀገሪቱ 2ኛ፣ በመከላከል 5ኛ ነበር። በጨዋታ የሚያስቆጥረው ድምር ትንሽ የመሰለው ዙሩ ጥቂት ስለሆነ ነው። ጸሐፊው ያዩት ድምሩን ነው፤ መላው ጽሑፋቸው የተጣመመውም እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ወደ ዩ.ኤም.ቢ.ሲ. ልለፍ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 16 ቀን 2018፣ ሻርሎት ከተማ፣ 74 ለ 54። የሲድ ደረጃ ማለት አዘጋጅ ኮሚቴው በየምድቡ ከ1 እስከ 16 የሚሰጠው ቅደም ተከተል ነው። ከዚያ ምሽት በፊት 16ኛ ሲድ 1ኛ ሲድን በ135 ሙከራ አንድ ጊዜ እንኳ አሸንፎ አያውቅም። ውርደት ነበር፤ ለማለሳለስ አልሞክርም። እስከ እረፍት 21 ለ 21 የነበረ ጨዋታ በሁለተኛው አጋማሽ 53 ለ 33 ሆኖ ሲጠናቀቅ ምክንያቱን መጥፎ ቀን ብሎ ማለፍ አይቻልም።

ምክንያቱ ግን ምን ነበር? የቤኔት መከላከያ ፓክ ላይን (ተጠጋግቶ የመቆሚያ መስመር እንደማለት) ይባላል፤ ያበጀው አባቱ ዲክ ቤኔት ነው፣ በዊስኮንሲን ሲያሰለጥን። አሠራሩ እንዲህ ነው። ከባለ ሦስት ነጥቡ መስመር ወደ ውስጥ ግማሽ ሜትር ወይም ከዚያ ትንሽ ገባ ብሎ ሌላ ቅስት እንዳለ ተደርጎ ይታሰባል። ኳስ የያዘውን አንዱ ተከላካይ ይጫነዋል፤ የቀሩት አራቱ ከዚያች ቅስት ሳይወጡ ወደ ቅርጫቱ የሚያስገባውን መንገድ ይዘጋሉ። ኳስ ወደ ዳር ስትወጣ የቅርቡ ሰው እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ፣ እርምጃውን እያሳጠረ ወርዋሪው ላይ ይወጣል። ስክሪን ማለት አንድ አጥቂ በገላው ቆሞ የተከላካይን መንገድ ሲዘጋ ነው፤ ረጅሙ ተከላካይ የሚይዘው አጥቂ ስክሪን ሲሠራ ለአንድ አፍታ ወጥቶ ኳስ ገፊውን ያስቆምና ሮጦ ይመለሳል። የዘዴው ድካም ከስሙ ይታወቃል፦ ከቅስቱ እስከ ወርዋሪው ያለውን ርቀት በግማሽ ሰከንድ መሸፈን ግድ ይላል። ያ እርምጃ ከዘገየ ክፍት ባለ ሦስት ነጥብ ነው። ዩ.ኤም.ቢ.ሲ. ከ24 ሙከራ 12ቱን አስገባ። ጃይረስ ላይልስ ብቻውን 28 ነጥብ ጣለ።

ነገር ግን በዚያው ጨዋታ የቨርጂኒያን ወገን ተመልከቱ፦ ከ22 ባለ ሦስት ነጥብ የገባው 4 ብቻ ነው። መከላከያው ተሰንጥቆ ነበር፣ እውነት ነው፤ ቡድኑን የቀበረው ግን ወደ ኋላ ሲቀር የሚመለስበት ማጥቃት ማጣቱ ነው። ዋናው ተተኪ ተጫዋች ዲአንድሬ ሀንተር የእጁ አንጓ ተሰብሮ አልተሰለፈም። ሀንተር ሁለት ሜትር የሚጠጋ ቁመት ይዞ ከጋርድ (ኳስ ከሚገፋው አጠር ያለ ተጫዋች) እስከ ረጅም ሰው የሚይዝ፣ ብቻውን ነጥብ የሚፈጥርም ተጫዋች ነው። ጸሐፊው ስሙን በዚህ ቦታ አላነሡትም፤ ማንሣት ነበረባቸው።

ቤኔት በሚቀጥለው ዓመት የለወጠውንም አላነሡም። ቡድኑ ለዓመታት ሲያጠቃ የኖረው ሁለት ረጃጅም ሰዎች ከኳስ ውጪ ስክሪን እየሠሩ ሦስቱ እየተሽከረከሩ በሚወጡበት ዘዴ ነበር። ዘዴው ትዕግሥት አለው፤ ጉድለቱ የ30 ሰከንዱ ሰዓት ሲያልቅ ኳስ የያዘው ሰው ብቻውን መቅረቱ ነው። በ2018-19 በዚህ ላይ የኳስ ስክሪን ተከታታይ ዘዴን በሰፊው ጨመረበት። ረጅሙ ሰው መጥቶ ኳስ ለያዘው ስክሪን ይሠራለታል፤ ካልተከፈተ ኳስ ወደ ሌላው ዳር ትሄዳለች፤ እዚያም ሌላው ረጅም ሰው ስክሪን ይዞ ይጠብቃል፤ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ታይ ጀሮም በዚህ ዘዴ ውስጥ ውሳኔ ሰጪ ሆነ። ካይል ጋይ ከስክሪን እየተፈተለከ በዓመቱ ከሞከራቸው ባለ ሦስት ነጥቦች ከ42 ከመቶ በላይ አስገባ። እንግዲህ በ2018 ያልሠራው ዘዴ በ2019 በአጋጣሚ ሠራ ከማለት፣ ዘዴው በጎደለው በኩል ተጠገነ ማለቱ ይቀርባል።

ስለ ቀላል መንገድ የተባለውን በአጭሩ ልመልስ። ቨርጂኒያ በስድስቱ ጨዋታዎች አንድም 1ኛ ወይም 2ኛ ሲድ አላገኘም። ይህ እውነት ነው። ግን ለምን አላገኘም? ፐርዱ 2ኛውን ሲድ ቴኔሲን አስወጥቶ ስለመጣ ነው። ኦበርን በተከታታይ ካንሳስን፣ ሰሜን ካሮላይናንና ኬንተኪን፣ ማለትም 4ኛውን፣ 1ኛውንና 2ኛውን ሲድ ጥሎ ስለመጣ ነው። ቴክሳስ ቴክ ሚሺጋንን፣ ጎንዛጋንና ሚሺጋን ስቴትን አሰናብቶ ስለመጣ ነው። ትልልቆቹን ያሸነፉትን ማሸነፍ ቀላል መንገድ አይባልም። ዱክ ቢመጣበት ኖሮ ይሸነፍ ነበር የሚለውን ግን በከፊል እቀበላለሁ፤ ዱክ በዚያ ዓመት ሁለት ጊዜ አሸንፎታል፣ 72 ለ 70 እና 81 ለ 71። በሁለተኛው ጨዋታ ዱክ ከ21 ባለ ሦስት ነጥብ 13 አስገብቷል፤ ዓመቱን ሙሉ ከርቀት ደካማ የነበረ ቡድን ነው ይህን ያደረገው። የፓክ ላይን ድካም አሁንም እዚያው እንደነበረ ያሳያል።

አሁን ወደ ዋናው ክስ። ሦስቱን ጨዋታዎች አንድ ላይ ጠቅልሎ ዕድል ማለት አያስኬድም፤ በየራሳቸው መታየት አለባቸው።

ፐርዱ። ሊያልቅ 5.9 ሰከንድ ሲቀር ፐርዱ 70 ለ 67 ይመራል። ባለ ሦስት ነጥብ እንዳይወረወርበት ጀሮምን ፋውል ሠርቶ ወደ ፍሪ ስሮው (ተከላካይ ሳይጋርድ ወደሚወረወር የቅጣት ውርወራ) ላከው። ይህ ብዙ አሰልጣኞች የሚመርጡት ትክክለኛ ውሳኔ ነው፤ አደጋው ግን የሚመጣው በሪባውንዱ፣ ማለትም ስታ በምትመለሰው ኳስ በኩል ነው። በፍሪ ስሮው ጊዜ መስመር ላይ የሚቆሙት አራት ተከላካዮችና ሁለት አጥቂዎች ናቸው፤ ለቅርጫቱ የሚቀርበውን ቦታ የሚይዙትም ተከላካዮቹ ናቸው። ስለዚህ አጥቂው ኳሷን እይዛለሁ ብሎ መታገል የለበትም፤ ወደ ኋላ መትቶ ማውጣት ነው ያለበት። ጀሮም የመጀመሪያውን አገባ፣ ሁለተኛውን ሳተ፤ ከኮናክሪ የመጣው የጊኒ ልጅ ማማዲ ዲያኪቴ ያደረገው ይህንኑ ነው። ኳሷ ግን ከመሀል ሜዳ አልፋ ሄደች። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪው ኪሄ ክላርክ ሮጦ ደረሰባት፣ ቀና አለ፣ ከሩቅ ለመወርወር አልቸኮለም፤ በአንድ ረጅም ቅብብል ለዲያኪቴ መለሳት፣ ዲያኪቴም ሰዓቱ ሳያልቅ ለቀቃት። 70 ለ 70፤ ጨዋታው ወደ ተጨማሪ ሰዓት ሄደ። ያ ቅብብል ደግሞ ይሞከር ቢባል ከብዙ አንዴ ቢሳካ ነው፤ በዚህ ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። ግን የዚያ ምሽት ዕድል ለማን ሲያደላ እንደዋለ ጸሐፊው ዘለውታል። ካርሰን ኤድዋርድስ ለፐርዱ ከ19 ባለ ሦስት ነጥብ 10 አስገብቶ 42 ነጥብ አስቆጥሯል፤ ብዙዎቹም ከመስመሩ በጣም ርቀው፣ እጅ ፊቱ ላይ ተዘርግቶበት የተወረወሩ ነበሩ። ከእሱ ሌላ መላው የፐርዱ ቡድን በ45 ደቂቃ ያገኘው 33 ነጥብ ነው። ያንን የመሰለ ምሽት ተቋቁሞ 80 ለ 75 መውጣት ዕድል ብቻ ከተባለ፣ የኤድዋርድስስ ምን ሊባል ነው?

ኦበርን። ጸሐፊው ትክክል የሆኑበት ቦታ ይህ ነውና አላድበሰብስም። ኦበርን 62 ለ 60 እየመራ፣ ጥቂት ሰከንዶች ሲቀሩ፣ ጀሮም ሲሮጥ ኳሷ ከእግሩ ጋር ተጋጭታ ወጣችበት፤ በሁለት እጁ ያዛትና እንደገና ማንጠር ጀመረ። ዳብል ድሪብል ነው፤ ዳኞቹ አልነፉም። ቢነፉ ኖሮ ኳስ ለኦበርን ይሆንና ጨዋታው ያበቃ ነበር ማለት ይቻላል። ከዚያ ቅጽበት በፊት የኦበርኑ ብራይስ ብራውን የጀሮምን ማልያ ሲጎትት በምስል ይታያል፤ እሱም አልተነፋም። አንዱን ስህተት ቆጥሮ ሌላውን መተው ፍትሐዊ አይደለም፤ የሁለቱ ክብደት እኩል ነው ብዬ ግን አልከራከርም። ዳብል ድሪብሉ ይከብዳል።

የመጨረሻው ፋውል ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ጸሐፊው ሁለቱን አቀላቅለዋቸዋል። 1.5 ሰከንድ ሲቀር ኳስ ከውጭ ተወረወረች፣ ጋይ በጥጉ በኩል ባለ ሦስት ነጥብ ለመወርወር ዘለለ፣ ሳሚር ዳውቲ ወደ እሱ ገባ። ሕጉ እንደሚለው ለመወርወር ወደ አየር የወጣ ተጫዋች የሚያርፍበት ቦታ ሊነጠቅበት አይገባም። ዳውቲ የጋይን ማረፊያ ወስዶ ገጭቶታል። የብሔራዊ ዳኞች አስተባባሪውም ከጨዋታው በኋላ ፋውሉ ትክክል እንደነበረ በዚህ ምክንያት አስረድቷል። በጨዋታ መጨረሻ ዳኛ ማፏጨት የለበትም የሚለው ስሜት ይገባኛል፤ ሕጉ ውስጥ ግን የለም።

ቀጥሎ የመጣው ደግሞ የዳኛ ሥራ አልነበረም። 0.6 ሰከንድ፣ ሦስት ፍሪ ስሮው፣ ከ70 ሺህ በላይ ሰው በሚይዝ ስታዲየም ውስጥ። ጋይ በዓመቱ ወደ 83 ከመቶ የሚያስገባ ወርዋሪ ነበር፤ 0.83 ሦስት ጊዜ ሲባዛ 57 ከመቶ ገደማ ይሆናል። ጥሩ ለሚባለው ወርዋሪ እንኳ ሦስቱንም ማስገባት ሳንቲም ከመወርወር ብዙ የማይሻል ነገር ነው። ሁለቱን ካስገባ በኋላ ኦበርን እንዲያስብበትና እንዲሸበር ብሎ ታይም አውት ጠየቀ። ሦስተኛውም ገባ፣ 63 ለ 62። ከእነዚያ ሦስት ኳሶች ሰከንዶች ቀደም ብሎ ራሱ ጋይ በባለ ሦስት ነጥብ ልዩነቱን ወደ አንድ ማጥበቡንም ጸሐፊው አላነሡትም። በሌላ በኩል ቨርጂኒያ በመጨረሻዎቹ አምስት ደቂቃዎች የ10 ነጥብ መሪነቱን 14 ለ 0 በሆነ ሩጫ ማስነጠቁም አለ። ወደዚያ አጣብቂኝ የገባው በራሱ ጥፋት ነው፤ ለዚህ መከላከያ የለኝም።

ቴክሳስ ቴክ። በፍጻሜው፣ ሚኒያፖሊስ ላይ፣ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 8 ቀን 2019፣ ቨርጂኒያ 85 ለ 77 በተጨማሪ ሰዓት አሸነፈ። ጸሐፊው የሚያነሡት በተጨማሪ ሰዓቱ መጨረሻ አካባቢ በቪዲዮ ታይቶ የተለወጠውን የውጪ ኳስ ውሳኔ ነው። ኳሷ መጨረሻ ላይ የዳቪዴ ሞሬቲን ጣት ነክታ መውጣቷ በምስሉ ይታያል። እንዲህ ለመሰለች ንክኪ ያን ያህል ምርመራ ያስፈልጋል ወይ የሚለው ደንቡን በተመለከተ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ውሳኔው ግን ስህተት አልነበረም።

ይህን ጨዋታ በአንድ ፊሽካ መግለጽ የማይቻልበት ምክንያት አለ። ቴክሳስ ቴክ የዓመቱ ምርጥ መከላከያ ነበር። በእሱ ላይ ቨርጂኒያ ከ59 ውርወራ 27፣ ከእነዚህም ከ24 ባለ ሦስት ነጥብ 11፣ ከ23 ፍሪ ስሮው ደግሞ 20 አስገባ። በተጨማሪ ሰዓቱ 12 ፍሪ ስሮው ወርውሮ 12ቱንም አስገብቷል። ሀንተር በመጀመሪያው አጋማሽ 5 ነጥብ ብቻ ነበረው፤ ከእረፍት በኋላ 22 ጨመረና 27 አደረሰ። ወደ 12 ሰከንድ ሲቀር ከጥጉ ወርውሮ 68 ለ 68 ያደረጋትም እሱ ነው። ያቺ ኳስ የተፈጠረችው ጀሮም ወደ ቅርጫቱ ገብቶ ተከላካዮችን ከሰበሰበ በኋላ ወደ ጥጉ በመስጠቱ ነው፤ ያ ደግሞ ሲለማመዱት የከረሙት ነገር ነው። በመከላከል በኩል የቴክሳስ ቴኩ ኮከብ ጃሬት ከልቨር ባብዛኛው ሀንተር ይዞት ከ22 ውርወራ 5 ብቻ አስገባ። የመደበኛው ሰዓት የመጨረሻ ውርወራም የከልቨር ነበረች፤ ብራክስተን ኪ አገዳት። በ2018 የጎደለው ሰው በ2019 ፍጻሜ ሁለቱንም ጫፍ ያዘ።

የቀረው ከ2019 በኋላ ያለው ነው፤ እዚህ ላይ የጸሐፊው መረጃ ትክክል ነው። በ2020 ውድድሩ በወረርሽኙ ተሰረዘ። በ2021 በኦሃዮ 62 ለ 58፣ በ2023 በፈርማን 68 ለ 67፣ በ2024 ደግሞ በኮሎራዶ ስቴት 67 ለ 42 ተሸነፈ። ቤኔት በጥቅምት 2024 ሲሰናበት በውድድሩ ያሸነፈው የመጨረሻ ጨዋታ ያ ፍጻሜ ሆኖ ቀረ። መሄዱን ዘዴው ለመክሸፉ ማስረጃ ማድረጋቸው ግን ልክ አይደለም፤ ያስረዳው ምክንያት ገንዘብና የተጫዋቾች ዝውውር የለወጡት የኮሌጅ ስፖርት ለእሱ እንደማይሆን ነው።

ውጤቶቹን ግን ከ2019 ጋር ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። ፓክ ላይን ያው ፓክ ላይን ነበር፤ ዝግታውም ያው ነበር። የተለወጠው ማጥቃቱ ነው። ሀንተር፣ ጀሮምና ጋይ በዚያው ዓመት በድራፍት (የኤን.ቢ.ኤ. ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት ሥርዓት) ሄዱ፦ 4ኛ፣ 24ኛና 55ኛ ተመርጠው። ቤኔት ተጫዋች የሚያሳድገው በዓመታት ነበር። ሀንተርም ዲያኪቴም የመጀመሪያ ዓመታቸውን ሳይሰለፉ ልምምድ ላይ ነው ያሳለፉት። ሦስት እንዲህ ያሉ ነጥብ ፈጣሪዎች በአንድ በጋ ሲሄዱ ቦታቸው ቶሎ አይሞላም። በኮሎራዶ ስቴት የተሸነፈው ቡድን በ40 ደቂቃ 42 ነጥብ ነው ያገኘው፤ 2019ኙ በቴክሳስ ቴክ ላይ በመደበኛው ሰዓት ብቻ 68 አስቆጥሯል። በጸሐፊው ጽሑፍ ውስጥ የኮሎራዶ ስቴት 67 ነጥብ ተጠቅሷል፤ የቨርጂኒያ 42 ግን አልተጠቀሰም።